ለሸክላ ሠሪዋ የመምህር ወንበር ስጧት

«ሥነ ጥበብን ከኅብረተሰቡ ጋር እናገናኝ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሸክላ ከኅብረተሰቡ የተለየው መቼ ነው? እዚህ ሐርጌሳ ዕጣን የማይጤስበት ቤት ፈልጉ እስቲ። ዳብቃድ የሚሉት ማጨሻ፣ ከጭቃ የተሠራም ይሁን ከለስላሳ ድንጋይ የተፈለፈለ፣ ፍሙ ላይ ኡንሲ የሚሉት ዕጣን ተነስንሶበት ቤቱንና ልብሱን ያውዳል። እኛ ሐበሾቹም ወዲህ ስንሻገር ጀበናችንን ይዘን ነው የመጣነው። ዕቃው ጓዳ ድረስ ገብቷል። ደጅ የቀረችው ሠሪዋ ናት።

ሐርጌሳ ጥበብን ማክበር አታውቅም የሚለኝ ካለ አልቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1988 በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላኖች ተደብድባ የፈረሰች ከተማ እኮ ናት። ከዚያ ፍርስራሽ ተነሥታ ከ2008 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ታሰናዳለች፤ በ2014 የባህል ማዕከል ከፍታለች፤ ገጣሚው ሀድራዊ በ2022 ሲሞት እንደ አባት አልቅሳለታለች። ቃል ለሚቀምር ሰው ይህን ያህል ክብር! ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን ግን «ጋቦዬ» ብሎ ልጁን የማይድርለት ይኸው ሕዝብ ነው። የእጅ ሙያተኛ እንዲህ በሚናቅበት አገር ስለ ሥነ ጥበብና ማኅበረሰብ መስበክ ምን ይረባል?

እንግዳ ሆኜ ይህን የምናገረው የእኛ ቤት የባሰ መሆኑን እያወቅሁ ነው። ጎንደር ከአጠገቡ ካለችው ከወለቃ መንደር ቤተ እስራኤል ሴቶች ጋኑንም ምጣዱንም ገዛ፤ ሴቶቹን ግን «ቡዳ» ብሎ ዓይናቸውን ፈራ። ቤተ እስራኤላውያኑ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተደረጉት የማጓጓዝ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ ወለቃ ላይ ለቱሪስት የሚሸጠው የሸክላ ምስል የእነሱን ሙያ ይነግዳል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ የአዲስ አበባ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ግን ዛሬም ጭቃውን በጀርባቸው ተሸክመው፣ በጭሱ ዓይናቸው ተቃጥሎ፣ ስድቡንም ከነልጆቻቸው ይሰማሉ።

ከነቀምቴ የተነሣው ማሞ ተሰማ አሜሪካ፣ አልፍሬድ ዩኒቨርሲቲ፣ የሸክላ ጥበብ ተምሮ ተመለሰ፤ ብሔራዊ ሙዚየማችንንም አገለገለ። ክብሩ ይገባዋል። ግን ገል ፈጭታ ከጭቃው ጋር የምትለውሰው፣ ምጣዱ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ ስንት እፍኝ እንደሚበቃ በመዳፏ የምታውቀው፣ ያለ ሙቀት መለኪያ የእሳቱን መልክ አይታ «በቃው» የምትለው ሴት የያዘችው ዕውቀት ምን ስለጎደለው ነው ዕውቀት የማይባለው? ዲግሪ?

በአንድ ዐውደ ጥናት ያየሁት እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለ ሸክላ አዳራሽ ውስጥ ይወራል፤ ሸክላ ሠሪዋ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ፎቶ ትነሣለች። ተናጋሪዎቹ አበላቸውን ፈርመው ወሰዱ። እሷ ምሳ በላች፤ ስሟን የጠየቀ ሰው አላየሁም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ናይጄሪያ አሳይታለች። ከአክስቷ ሸክላ የተማረችው ላዲ ክዋሊ እ.ኤ.አ. በ1954 ያኔ አቡጃ ትባል በነበረችው ከተማ ከነበረው፣ እንግሊዛዊው ማይክል ካርዲው ካቋቋመው የሸክላ ማሠልጠኛ ገባች። ባሕር ማዶ እየተጠራች ሙያዋን አሳየች። በ1977 አሕመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት፤ ማሠልጠኛውም በኋላ በስሟ ተጠራ። የሃያ ናይራውን ኖት ገልብጡት፤ ማሰሮዋን ስትሠራ ታያላችሁ። ሸክላ ሠሪ፣ በአገር ገንዘብ ላይ!

የሐርጌሳም የአዲስ አበባም የጥበብ ሰዎች ይስሙኝ። ሸክላ ሠሪዋን ለአንድ ቀን ትርኢት አትጥሯት። ክፍል ስጧት፤ ተማሪ መድቡላት፤ ቀጥቃጩንና ቆዳ አልፊውንም ከጎኗ አስቀምጡ፤ የባለጸጋውም የጋቦዬውም ልጅ አንድ ጭቃ ላይ እጁን ይንከር። በምታሳዩት ማሰሮ ሥር የመንደሯን ስም ብቻ ሳይሆን የራሷን ስም ከነአባቷ ጻፉ። ክፍያዋም አዳራሽ ውስጥ ስለ እሷ ከሚናገረው ሰው አበል በሳንቲም አይነስ።