ባቡሩ ቢቀር ጣቢያው አይቅርብን

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ ዲላ ባቡር ሊገባ ነበር የሚባለው እውነት ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ለሌሎቻችሁም ይሆናል ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ የጅቡቲን ባቡር ከናዝሬት ገንጥሎ እስከ ዲላ ለማድረስ ታስቦ ነበር። ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መስመር። እዚህ ድረስ የሚያመጣው ደግሞ ቡናችን ነው። ሳይሆን ቀረ። ቡናው መኪና ላይ ወጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ መኪና ላይ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ሐዲዱ አይደለም። አብሮ የቀረው የጭነት ጣቢያ ነው። ሐዲድ ያው መንገድ ነው፣ ያልፉበታል። የጭነት ጣቢያ ግን ዕቃው ወርዶ የሚያድርበት፣ የሚመዘንበት፣ የሚበጠርበት፣ የሚታሸግበት፣ ወረቀቱ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ሥራው ያለው እዚያ ነው።

ድሬዳዋን እዩ። ባቡሩ ሐረር ሊገባ ታስቦ ተራራው ከበደና ቆላው ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ሲደርስ ዛሬ የምናውቀው ከተማ አልነበረም። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ስለሆነ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ድሬ ነበረች። ከጅቡቲ የመጣው እዚያ ይራገፋል፣ በግመልና በበቅሎ የመጣው እዚያ ይጫናል። ጉምሩኩ፣ መጋዘኑ፣ የባቡር ጋራዡ፣ የከዚራ ሰፈር፣ ሁሉም ዕቃው እዚያ ስለቆመ የመጡ ናቸው። አሮጌው ባቡር ከቆመ ቆይቷል፣ የአዲሱ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። የሐረር ቡና ግን ዛሬም ተበጥሮ ተዘጋጅቶ ወደ ውጭ የሚላከው ከድሬዳዋ ነው። ልብ በሉልኝ፣ ከድሬዳዋ!

የእኛስ? ባንኮ ጎቲቲ ላይ ቀይ እሸት ይለቀማል፣ እዚያው ይፈለፈላል፣ ይታጠባል፣ አልጋ ላይ ይደርቃል። ከዚያ ገለባው ሳይነሳ በኬሻ ሆኖ ይጫናል። ጌዴብ፣ ይርጋጨፌ፣ ወናጎ፣ ዲላ። ዲላ ላይ የምርት ገበያው መጋዘን አለ፣ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል። ግን አያበቃም። አብዛኛው አዲስ አበባ ሄዶ ነው የሚቀሸረው፣ በእጅ የሚለቀመው፣ ኮንቴይነር ውስጥ የሚገባው። ለቃሚዎቹ ሴቶች፣ ጫኝና አውራጁ፣ መካኒኩ፣ ትራንዚተሩ እንጀራቸው ያለው ያ ሥራ ባለበት ነው። እኛ ጋ የሚቀረው ገለባው ነው እንዳልል እሱም አብሮ ይሄዳል! ከአምስት ኪሎ አንዱ ገደማ ገለባ ነው። ለገለባ የመኪና ኪራይ እየተከፈለ ነው ማለት ነው፤ ኪራዩ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ከገበሬው ዋጋ ላይ ነው የሚነሳው።

"ባቡር ሲመጣ ይስተካከላል" የሚሉኝ አሉ። ከሞጆ በሐዋሳ አድርጎ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መስመር በዕቅድ ተይዞ ነበር፤ ሐዲድ ግን አልተነጠፈም። ደግሞ ለምን እንጠብቃለን? የሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አዲሱ ባቡር መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2018። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሞጆ በመኪና ብቻ ወደብ ሆና ሠርታለች። ጣቢያው ቀደመ፣ ባቡሩ ተከተለ።

ስለዚህ ዲላ ላይ መቀሸሪያ፣ በቂ መጋዘን፣ ኮንቴይነር የሚያነሳ ክሬን፣ ፈትሾ የሚያሽግ የጉምሩክ ሠራተኛ ይኑር እላለሁ። ቡናው ዲላ ታሽጎ ቀጥታ ሞጆ ይውረድ፣ ከዚያ በባቡር ጅቡቲ። ቦታውን በተመለከተ ግን ተጠንቀቁ። ጌዴኦ ላይ መሬት ጠባብ ነው፣ ሰው ብዙ ነው፤ መልክዓ ምድሩም በ2016 ዓ.ም. መስከረም ዩኔስኮ መዝግቦታል። እንሰትና ቡና ተነቅሎ ኮንክሪት የሚፈስበት ከሆነ እኔ የለሁበትም። ከተማው ውስጥ ካሉት የመጋዘን ግቢዎች ይጀመር።

አንድ የሚከብደኝ ጥያቄ አለ። ባዶ ኮንቴይነር ያለው ሞጆ ነው። ባዶውን ዲላ ድረስ ማውጣት ወጪ አለው፣ ላኪዎችም መጀመሪያ የሚያነሱት ይህንን ነው። የማያዋጣ ይመስላል፣ ግን ገለባ መጫን ሲቀር የሚተርፈውንም መደመር አለብን። ማዳበሪያና ሸቀጥ ጭነው ወደ ደቡብ የሚመጡ መኪኖች በቡና ወቅት ሲመለሱ ምን እንደሚጭኑም መታየት አለበት። እዚህ ላይ የእናንተ እገዛ ያስፈልገኛል። ትራንዚትና ቡና ላኪ ቤት የምትሠሩ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ባዶ ኮንቴይነር ከሞጆ ዲላ ለማድረስ አሁን ስንት ይጠየቃል? ሒሳቡን ጻፉልኝ፣ አብረን እንደምረው።