ለመኪናችን ዳስ ስንጥል

ግንቦት ሊያልቅ ሲል በየቤቱ የሚታሰበው ስለ ጣሪያው ቀዳዳ፣ ስለ ከሰሉና ስለ ልጆቹ የዝናብ ጫማ ነው። ሜዳ ላይ የምታድረው መኪና የምትታወሰው የመጀመሪያው በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው። ያኔ ብርድ ልብሱም ምንጣፉም ተይዞ ይሮጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬ ስለ ርካሽና ተንቀሳቃሽ የመኪና መጠለያ እንነጋገር።

ቋሚ ጋራዥ መሥራት ለሁሉም አይሆንም። ተከራይ በሰው ግቢ ግንብ አያቆምም፤ የራሱ ግቢ ያለውም ቢሆን የልጆቹን መጫወቻ ዓመቱን ሙሉ መዝጋት ላይፈልግ ይችላል። ዳስ ግን ክረምቱ ሲወጣ ተፈትቶ ይቀመጣል፤ ቤት ሲቀየርም አብሮ ይሄዳል። የሚያስፈልገው ስድስት የብረት ቱቦ እግር፣ ከላይ የሚያያይዛቸው አግዳሚ፣ አንድ ሸራና ገመድ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ቱቦ ፈልጎ ብየዳ ቤት ማስቆረጥ ወጪውን ይቀንሳል። ሲያሠሩ ግን መገጣጠሚያው በብሎን የሚታሰር እንዲሆን አስቀድመው ይንገሩ። ሙሉ በሙሉ የተበየደ ዳስ ተንቀሳቃሽነቱ ቀረ ማለት ነው።

ልኩን መኪናዋ ብቻዋን አትወስነውም። ቪትዝን የመሰለች ትንሽ መኪና ርዝመቷ 4 ሜትር አይሞላም፤ ወርዷም 1.7 ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን በር ተከፍቶ ሕፃን ታቅፎ መውረድ አለ፤ አያት ተደግፈው መውጣት አለ። ስለዚህ ወርዱን ከ3 ሜትር አያሳንሱት። ለትንሽ መኪና 3 በ5 ይበቃል፤ ደብል ካቢን ፒክ አፕ ያለው ሰው ግን 3 በ6 ያስፈልገዋል።

ሸራ ሲገዛ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ውፍረቱ ነው። ዳስን የሚጥለው ግን የሸራው መሳሳት ሳይሆን ውሃ ማቆሩ ነው። ሸራው መሐል ላይ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ጎድጓዳ ቦታ ተፈጥሮ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢይዝ ክብደቱ 100 ኪሎ ግራም ይሆናል። አንድ ኩንታል ጤፍ መኪናዎ አናት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። መፍትሔው ተዳፋት ነው። ወርዱ 3 ሜትር ከሆነ፣ የአንዱ ወገን እግሮች ከሌላው ቢያንስ በ50 ሳንቲ ሜትር ይርዘሙ፤ ለምሳሌ አንዱ 2.5፣ ሌላው 2 ሜትር። ከሸራው ሥር በቅርብ ርቀት አግዳሚ ቱቦዎች ይደርደሩበት፤ ሸራውም ተወጥሮ ይታሰር። የተወጠረ ሸራ ውሃውን ያንሸራትታል፣ የበረዶውንም ኃይል ይቀንሳል። የመኪናዋን ጣሪያ የሚነካ ሸራ ግን ከበረዶ አያድንም። የመኪና ልብስ የሚባለውም እንደዚያው ነው፤ ቀጭን በመሆኑ በረዶ አይመክትም፣ ከሥሩ አቧራ ካለ ቀለም ይፍቃል፣ እርጥበትም ይዞ ይቆያል።

ሁለተኛው ጉዳይ ነፋስ ነው። ሸራ የለበሰ ዳስ እንደ ጀልባ ሸራ ነፋስ ይሰበስባል። የአከራይዎን ሲሚንቶ መቆፈር ካልተፈቀደ፣ እያንዳንዱን እግር 20 ሊትር በሚይዝ የቀለም ባልዲ ውስጥ አቁመው ኮንክሪት ያስሞሉት። አንዱ ባልዲ ብቻውን ወደ 45 ኪሎ ግራም ይከብዳል። ሸራውን ከቱቦው ጋር ሲያስሩ ደግሞ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ጠፍር ይጠቀሙ። ነፋስ ሲመጣ ስለሚለጠጥ የሸራው ቀዳዳ አይቀደድም። ዳሱን ሲያቆሙ ወደ ቤት የሚገባውን የመብራት ሽቦ ይመልከቱ፤ ረጅም የብረት ቱቦ ከሽቦ ጋር መገናኘት የለበትም።

ሸራውን በተመለከተ፣ ስስ ላስቲክ አንድ ክረምት እንኳ ላይወጣ ይችላል። የተሸመነ የፕላስቲክ ሸራ ዋጋውም ጉልበቱም መካከለኛ ነው። ወፍራሙ የጭነት መኪና ሸራ ውድ ነው፣ ግን ረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ያገለገለ ከተገኘ ተመራጭ ነው። ሲገዙ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ቀዳዳ እንዳለው ይዩ፤ ጠርዙ ታጥፎ የተሰፋና የብረት ቀለበት ያለው መሆኑንም ያረጋግጡ። የትኛውም ሸራ ቢሆን ትልቁ ጠላቱ የበጋ ፀሐይ ነው። መስከረም ላይ አድርቀው ጠቅልለው ካስቀመጡት ዕድሜው ይረዝማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዳሱ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ አያስፈልገውም። ብርድ እንዳይገባ ብለው ጎኖቹን በላስቲክ የሚጋርዱ አሉ። ጠዋት ሞተር እስኪሞቅ መኪናዋ እዚያ ውስጥ ስትቆይ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይታፈናል። ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል ጭስ ምክንያት ሰው የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ልጆች ቀድመው መኪና ውስጥ ገብተው አባታቸውን የሚጠብቁበት ሰዓት ደግሞ ያው ጠዋት ነው። የተጋረደ ጎን ሌላም ጉዳት አለው፤ ወደ ኋላ የሚነዳ ሰው ከመጋረጃው በስተጀርባ የሚድኸውን ሕፃን አያይም። ስለዚህ ሦስቱን ጎን ክፍት ይተዉ፤ ዝናቡ የሚመጣበት አንድ ጎን ቢጋረድ ይበቃል።

ዳስ ለልጆች የድብብቆሽ ቦታ መሆኑም አይቀርም። መኪናዋ ሁልጊዜ ተቆልፋ ቁልፉ ከልጆች እጅ ይራቅ። ለማጠናከሪያ የተወጠሩ ገመዶች ካሉ ነጭ ጨርቅ ይታሰርባቸው፤ በማለዳ ጨለማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ የሚወጡ አያት በገመድ ተጠልፈው ቢወድቁ የሚሰበረው አጥንት ከመኪና መስታወት ጋር አይወዳደርም። የዶሮ መኖና እህል ከዳሱ ሥር አያስቀምጡ፤ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ ደግሞ የሞተር ሽቦ ይበላል። መሬቱ ጭቃ ከሆነ ጠጠር ያስደፉበት፤ ዝገት ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ይመጣል።

በመጨረሻ ጎረቤትን አይርሱ። 3 በ6 በሆነ ሸራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 360 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ሁለት በርሜል ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ተዳፋቱ ወደ አጥር ከሆነ ያ ሁሉ የሚወርደው ጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ መላክ ይመጣል። ወደ ራስዎ ግቢ ያዘንብሉት፤ በርሜል ቢደቅኑለት መኪናም ግቢም ያጥባል።

ዳሱ ተሠርቶ ሲያልቅ መኪናዋን ከማስገባትዎ በፊት፣ ልጆቹን ራቅ አድርገው ጥቂት ባልዲ ውሃ ሸራው ላይ ያፍስሱ። ውሃው ሳይቆም ተንሸራትቶ ከወረደ ገንዘብዎ በከንቱ አልወጣም። ቆም ካለ ደግሞ ሰኔ ሳይገባ ገመዱን ጠበቅ፣ እግሩን ከፍ ማድረግ ነው።