ጉጉትና ናፍቆት

በጁባ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ማታ ማታ ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ፥ የማሕሙድ አሕመድ ዘፈን ሳይሰማ የሚያልፍበት ምሽት ጥቂት ነው። እኚህን ድምፃዊ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንወድ ኖረናል። ይሁን እንጂ በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር በአዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ዝግጅታቸውን እንደሚያቀርቡ በተነገረ ጊዜ፥ ወዳጆቻችን «እንሂድ» ቢሉን ልባችን እንደ ጥንቱ አልተነሣሣም። መንገዱ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፥ ሥራ በዛብን፥ ገንዘብ አነሰን እያልን ምክንያት ደረደርን። ወዳጆቻችን ሄዱ፤ እኛ ቀረን።

እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበረ። ማሕሙድ በ1933 ዓ.ም. የተወለዱ ስለ ሆነ ዕድሜያቸው ሰማንያ ሦስት ደርሶ ነበር። እኛ የምናውቃቸው በሊስትሮነት ኑሮን ጀምረው፥ በአሪዞና የምሽት ክበብ ተቀጥረው ሲሠሩ ዘፋኝ በጠፋበት ሌሊት ወደ መድረክ የወጡትን፥ ከዚያም በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል የዘፈኑትን ጎልማሳ ነው። ያንን ጎልማሳ እርጅና ተጭኖት ማየትን ፈራን። ነገሩን በደንብ ስንመረምረው ደግሞ፥ የፈራነው የእርሳቸውን እርጅና ብቻ ሳይሆን የራሳችንንም ጭምር ኖሮአል።

ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ ይህን ለአንድ የደቡብ ሱዳን ተወላጅ ለሆኑ ሽማግሌ ጎረቤታችን አጫወትናቸው። እርሳቸው ከ1983 ዓ.ም. በፊት በጋምቤላ፥ በኢታንግ የስደተኞች ሰፈር ሳሉ፥ ዝነኛው የሱዳን ዘፋኝ ሙሐመድ ዋርዲ መጥተው ለስደተኛው ዘፍነው ነበር። ዋርዲ በ2004 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

«ለመሆኑ የዚያን ቀን ድምፃቸው እንዴት ነበረ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ድምፃቸውንማ ከራዲዮ እናውቀዋለን፤ እኔ የማልረሳው እኛ ወዳለንበት መምጣታቸውን ነው» ሲሉ መለሱልን።

ይህን ስንሰማ ስሕተታችን ገባን። ዘፋኙ ያን ምሽት የጠሩን ድምፃቸውን እንድንመዝን አልነበረም፤ ለመሰናበት ነበር። ስንብት ደግሞ የሁለት ወገን ነገር ነው፤ አንዱ ቢቀር ሌላው ብቻውን ይሰናበታል።

አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ አንባብያን ሁለት ቃላት ለይታችሁ ብታውቁ ይጠቅማችኋል። ጉጉት ገና ለሚመጣው ነገር ነው፤ ናፍቆት ግን ለራቀው ወይም ላለፈው ነው። ጉጉታችን በቀዘቀዘ ጊዜ ፍቅራችንም የቀዘቀዘ መስሎን ነበር። ዛሬ በጁባ ማታ ያው ዘፈን ሲሰማ፥ ከጉጉቱ ይልቅ ናፍቆቱ እጅግ የከበደ መሆኑን አወቅን።

ስለዚህ አንድ ምክር እንሰጣለን፤ የምትወዱት አንጋፋ «ኑ፥ እንሰናበት» ያለ እንደ ሆነ፥ ልባችሁ ባይነሣሣም እግራችሁ ይነሣ።