ከ12ቱ ወንበሮች አንዱ የእኛ ነው

ወገኖች ሆይ! በሃርፐር ሊ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ልብ ወለድ ውስጥ ቶም ሮቢንሰን የተባለው ጥቁር ሠራተኛ ንጹሕ መሆኑ በችሎት ፊት ተረጋግጧል። ደፈራት የተባለችው ነጭ ልጅ የተመታችው በቀኝ ፊቷ ነው፤ መቺው ግራኝ መሆን አለበት። የቶም ግራ እጅ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሽባ ነው። ጠበቃው አቲከስ ፊንች ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳ። ጁሪ ተብለው ለፍርድ የተቀመጡት 12 ነጭ ወንዶች ግን ተማከሩና ጥፋተኛ ነው ብለው ተመለሱ።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1960 ታተመ፤ በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይም ተሸጧል። ዛሬም በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይነበባል፤ የእኛ ልጆችም ያነቡታል። አንባቢ ሁሉ አቲከስን ይወደዋል። መወደድም ይገባዋል። ነገር ግን አቲከስ ተረትቷል። ቶምን የማዳን ሥልጣን የነበራቸው 12ቱ ነበሩ።

መጽሐፉ ይህን ሳያድበሰብስ ይነግረናል። ከፍርዱ በኋላ የአቲከስ ልጅ ጄም፣ የከተማው ደኅና ሰዎች ለምን ጁሪ እንደማይሆኑ አባቱን ይጠይቃል። ሴቶቹን ታሪኩ የሚፈጸምባት የአላባማ ክፍለ ግዛት ሕግ ይከለክላቸዋል። ወንዶቹ ደግሞ ከጎረቤትና ከደንበኛ ላለመቀያየም ሰበብ እየፈጠሩ ይቀራሉ። ሆኖም ከ12ቱ መካከል አንድ ሰው፣ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ የመጣ፣ ቶም በነጻ ይለቀቅ ብሎ ተከራክሯል። ጁሪው ለሰዓታት የቆየው በእርሱ ምክንያት ነው። እንደ እርሱ ያለ አንድ ሰው ቢጨመር ኖሮ፣ ይላል አቲከስ፣ ጁሪው ሳይስማማ ይበተን ነበር። የአንድ ሕይወት መጥፋት ምክንያቱ የአንድ ሰው መጉደል ነው! ይህ መጽሐፍ 60 ዓመት አልፎት የሚያንገበግበን ለዚህ ነው።

ነገሩ ደግሞ የልብ ወለድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1931 በዚያው በአላባማ 9 ጥቁር ወጣቶች በሐሰት ተከስሰው፣ ነጮች ብቻ በተቀመጡበት ጁሪ ፊት ቆሙ። ከመካከላቸው የአንዱ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ጥቁሮችን ሆን ብሎ ከጁሪ ማግለል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የተባለው በ1935 ነው። በአላባማ ሴቶች ጁሪ ለመሆን እስከ 1966 ጠብቀዋል።

ከዚያም በኋላ ምን ሆነ? የሃርፐር ሊ የትውልድ ከተማ በሆነችው በሞንሮቪል አንዲት ነጭ ወጣት ተገደለች፤ ዋልተር ማክሚሊያን የተባለ ጥቁር ሰው ተከሰሰ። ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት ከዘመዶቹና ከጎረቤቶቹ ጋር ዓሣ በሚጠበስበት በገዛ ቤቱ ነበር፤ ብዙዎች ይህን መስክረውለታል። ክሱ ግን ጥቁር ነዋሪ ጥቂት ወደሆነበት ካውንቲ ተዛወረ። 11 ነጮችና 1 ጥቁር የተቀመጡበት ጁሪ በ1988 ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ እስራት እንዲፈረድበት ሐሳብ አቀረበ፤ ዳኛው ወደ ሞት ቅጣት ቀየረው። ጠበቃው ብራያን ስቲቨንሰን ታግሎ ነጻ ያወጣው በ1993 ነው። ማን ጁሪ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ መወሰን ማለት ፍርዱን ገና ከመነሻው ማዘንበል ማለት ነው።

አሜሪካዊ ዜግነት ያላችሁ ወገኖች፣ ያ ወንበር ዛሬ ለእናንተ ክፍት ነው። ለጁሪነት የሚጠራን የጁሪ ዱቲ ደብዳቤ ቤታችን ሲመጣ ግን ስንቶቻችን ደንግጠን ወደ ጎን እንጥለዋለን? ስንቶቻችንስ ሰበብ እንፈልጋለን? ምክንያቱ ይገባኛል። በሰዓት የሚከፈለው ሰው የአንድ ቀን ገቢ ሲጎድልበት ኪራዩ ይናጋል። በአገራችን የሚፈርደው ዳኛ በመሆኑም ጁሪ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው።

ፍርድ ግን እንግዳችን አይደለም። በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውሃ ይቆማል ብለን ያደግን፣ በላ ልበልሃ የተሟገቱ አያቶች ልጆች፣ ለተጣላ ጎረቤት ሽምግልና ተቀምጠን ግራ ቀኙን የምንሰማ ሰዎች ነን። ጁሪም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ማስረጃውን መስማት፣ ለማንም አለማድላት፣ ሌሎቹ ቢጫኑም በእውነቱ መጽናት። ይህን መብት በደምና በእስር የገዙት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ እኛ የደረስነው ከተከፈለበት በኋላ ነው። ደግሞስ ፖሊስ አንድን ጥቁር ልጅ መንገድ ላይ ሲያስቆም የአያቱን አገር ይጠይቃል? ነገ በተከሳሽ ወንበር የሚቀመጠው የእኛ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እንነሳ! ደብዳቤው ሲደርሰን መልስ እንስጥ፤ በተቀጠርንበት ቀን እንገኝ። ዜጋ ያልሆነም ሰው ደብዳቤውን አይጣለው፤ ዜጋ አለመሆኑን በሚሞላው መጠይቅ ላይ በእውነት ይጻፍ። አሠሪ ሠራተኛውን የፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ ለመሆን ከሥራ በመቅረቱ እንዳያባርረው ሕግ ይከለክላል፤ ብዙ ክፍለ ግዛቶችም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው።

ብቻችንን ከባድ የሆነው በኅብረት ይቀላል። ዕድሮች፣ ማኅበሮች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች፣ ጁሪ የተጠራ አባላችሁ የቀን ገቢው ሲጎድል ደጉሙት፤ ልጆቹን ጠብቁለት። የሕግ ባለሙያዎቻችን፣ አንድ ቅዳሜ መድቡና አሠራሩን በአማርኛ አስረዱን። ጁሪ ሆናችሁ የምታውቁ፣ ቆማችሁ ተናገሩ፤ የሌላው ፍርሃት የሚለቀው ያኔ ነው።

ወላጆች፣ መጽሐፉን ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡ። ቶም በልብ ወለዱ ውስጥ የሚናገረው ጥቂት ነውና፣ የማክሚሊያንን ታሪክ ከያዘው ከስቲቨንሰን «ጀስት መርሲ» ጋር አጣምሩት። ከዚያም ልጆቻችሁን ጠይቁ፦ አንተ ከ12ቱ አንዱ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? አንቺስ? መልሱን እኛ በሥራ እናሳያቸው። በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባችሁ የመጀመሪያው አጀንዳ ይህ ይሁን፤ ከእንግዲህ ሐበሻ የተጠራበት የጁሪ ወንበር በእኛ ስንፍና ባዶ አይደር!