ነርሷን ለመርፌ ብቻ አንጥራት

የታመሙ እናት አባቶቻቸውን ቤት ድረስ በምትመጣ ነርስ የሚያስታምሙ ቤተሰቦች አሉ። መልካም ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንጠራት «መርፌዋን ወግታ ትሂድ» ብለን ነው። ይህ አስተሳሰብ በሽተኛውን ይጎዳል ባይ ነኝ።

ኢንሱሊን የሚወጉ አንድ አባት እንውሰድ። ነርሷ ከመውጋቷ በፊት የደም ስኳራቸውን ትለካለች። ምግብ መብላታቸውን፣ ማስታወክ መኖሩን ትጠይቃለች። ላብና መንቀጥቀጥ መኖሩን ታያለች፤ ከትናንቱ ልኬት ጋርም ታስተያያለች። ልውጋ፣ ላቆይ ወይስ ለሐኪሙ ልደውል የምትለው ከዚህ በኋላ ነው። ስኳሩ ከ70 በታች ከሆነ ኢንሱሊኑን ትታ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣ ታጠጣቸዋለች፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም ደግማ ትለካለች። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

«ሐኪሙ ያዘዘውን ትስጥ እንጂ ነርስ ምን ሥልጣን አላት?» የሚሉ አሉ። የሐኪሙ ትእዛዝ ይከበራል። ሆኖም ሐኪሙ ማዘዣውን ሲጽፍ የዛሬ ጠዋቱን ስኳር አላየም። ያየችው እርሷ ናት።

በሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ብትጠራጠር አጠገቧ የምትጠይቀው አለ። ቤት የመጣችው ግን ያላት መለኪያዋ፣ ዓይኗና እኛ የምንነግራት ነው። በፋርማሲ ሥራዬ እንደማየው አብሽና ጥቁር አዝሙድ ከመድኃኒት ጋር የሚወስዱ ብዙዎች አይናገሩም። ሁለቱም ስኳርን ሊቀንሱ ስለሚችሉ መደበቁ ውሳኔዋን ያሳስታል።

በረመዳን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ጾም ይፈርሳል ብለው መለካትን እምቢ የሚሉ አሉ። ጣትን ወግቶ መለካት ጾም አያፈርስም። ስኳር ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ማፍጠር እንደሚገባ የሕክምና መመሪያዎች ይመክራሉ። አላህም (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ቁጥር 185 ለበሽተኛ በሌላ ቀን እንዲጾም ፈቅዷል። ስለዚህ «ያፍጥሩ» ያለችን ነርስ ዲናችንን የተዳፈረች አይደለችም።

ልኬቱ፣ ምግቡና መድኃኒቱ የሚጻፍበት አንድ ደብተር ከበሽተኛው ራስጌ ይቀመጥ። የሐኪሙ ስልክም ይጻፍበት። ከሁሉ በላይ ሒሳቧን በመርፌ ቁጥር አንክፈላት። «ዛሬ አልወጋም» ባለችበት ቀን ከሌላው ቀን የበለጠ ሠርታ ይሆናል።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን!