ቫይረስ ለማን ያዋጣል?

የመመረቂያ ጽሑፌን ላስረክብ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ፍላሼን ይዤ ከግቢው በር ፊት ለፊት ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ልጁ ፍላሹን ሰካው፣ ከፈተው፣ ከዚያ ዝም ብሎ አየኝ። አምስት ወር የለፋሁበት ፎልደር የለም። በቦታው ትንሽ ቀስት ያለባት «ሾርትከት» ተቀምጣለች። «እህቴ፣ ፍላሽሽ ቫይረስ አለው» አለኝ። ላብ አሰመጠኝ። «አይዞሽ ይመለሳል፤ ሃምሳ ብር ነው» ሲል ጨመረ።

ከፈልኩ፤ መለሰልኝ። በኋላ እንደገባኝ ያ ቫይረስ ፋይሉን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ትእዛዙን የሚያውቅ ሰው በአንድ ደቂቃ ያወጣዋል። ማታ ዶርም ስገባ ፍላሼን ተውሰው የነበሩ የሁለት ጓደኞቼ ላፕቶፖችም ተይዘው አገኘኋቸው። ፍላሼ ከየት እንደተያዘ ለመገመት ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ በፊተኛው ሳምንት ረቂቁን ያተምኩት እዚያው ቤት ነበር።

ያን ማታ ዶርም ውስጥ የሁላችንም ጥያቄ አንድ ነበር። «ቆይ ግን፣ ሰው ምን አገኛለሁ ብሎ ነው ይሄን የሚሠራው?» መልሱም የተለመደው ነበር፤ ተንኮል ነው፣ ሥራ ፈትነት ነው። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይባል የለ። እኔ ግን የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ ሦስት ሌሎች ጥያቄዎች አልለቅ አሉኝ። ለመሥራት ስንት ያስወጣል? ምን ያስገኛል? ኪሳራውን የሚከፍለውስ ማን ነው?

መጀመሪያ አካባቢ የመነኩሴው ተረት በደንብ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ሪች ስክሬንታ የተባለ የ15 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ ለአፕል ኮምፒዩተር «ኤልክ ክሎነር» የተባለውን ቫይረስ የጻፈው ጓደኞቹን ለማብሸቅ ነው። በተያዘው ዲስክ ኮምፒዩተሩ ለሃምሳኛ ጊዜ ሲነሳ አጭር ግጥም ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ በቃ፣ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ፓኪስታን ላሆር ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች «ብሬይን» የተባለውን ሠሩ። ሶፍትዌራችንን እየገለበጡ ያስቸገሩንን ለመያዝ ነው አሉ። ቫይረሱ ውስጥ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ሳይቀር አስቀምጠዋል። የዛሬ ቫይረስ ጸሐፊ ይሄን ቢሰማ በሳቅ ይሞታል።

ገንዘብ ፈላጊው ግን ሩቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1989 ጆሴፍ ፖፕ የተባለ ሰው ስለ ኤድስ መረጃ የያዙ የሚመስሉ ወደ 20,000 የሚጠጉ ፍሎፒ ዲስኮች በፖስታ ተልከው ሰው እጅ ገቡ። ዲስኩ ከቆይታ በኋላ ኮምፒዩተሩን ይቆልፍና ወደ ፓናማ ፖስታ ሳጥን 189 ዶላር እንዲላክ ይጠይቃል። እስቲ ወጪውን አስቡት፤ ዲስክ መግዛት፣ ማባዛት፣ ቴምብር መለጠፍ፣ ከዚያ ቼክ በፖስታ እስኪመጣ መጠበቅ! ሰውየው ተያዘ፣ ሐሳቡም ሳያዋጣ ቀረ።

አሁን ወደ ግንቦት 2017 (እ.ኤ.አ.) እንዝለል። «ዋናክራይ» በጥቂት ቀናት ውስጥ 150 በሚሆኑ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ። ለመክፈቻ የጠየቀው 300 ዶላር ሲሆን ክፍያው በቢትኮይን ነበር። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕመምተኞችን እስከ መመለስ ደረሱ። ልብ በሉ፣ ሐሳቡ ያው የፖፕ ሐሳብ ነው። በ28 ዓመት ውስጥ የሰው ልጅ የበለጠ ክፉ አልሆነም። የተለወጠው ዋጋው ነው። ማሰራጨት ነፃ ሆነ፣ ገንዘብ መሰብሰብም ፊት የማያሳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካው የነዳጅ ማስተላለፊያ ኮሎኒያል ፓይፕላይን 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲከፍል ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ሙሉ ንግድ ሆኖ ነበር። «ዳርክሳይድ» የተባለው ቡድን ፕሮግራሙን እያከራየ፣ ሌሎች ሰብረው ሲገቡ ከገቢው ድርሻውን ይወስድ ነበር። የደላላ ኮሚሽን በሉት።

ከሁሉም ታሪክ ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ የፊሊፒንሱ ልጅ ነው። ኦኔል ደ ጉዝማን ማኒላ ውስጥ የኮምፒዩተር ተማሪ ነበር። ኢንተርኔት ውድ ስለነበር መክፈል አይችልም። ስለዚህ የሌሎችን ፓስወርድ የሚሰርቅ ፕሮግራም ለመመረቂያ ሥራው ሐሳብ አድርጎ አቀረበ። ኮሌጁ ሕገወጥ ነው ብሎ መለሰለት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2000 ፕሮግራሙ «እወድሃለሁ» በሚል የኢሜይል ርዕስ ተጠቅልሎ ዓለምን ዞረ። ለአንቺ ወይም ለአንተ የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ ነው ሲባል የማይከፍት ማን አለ? በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ተያዙ፤ የእንግሊዝ ፓርላማ ሳይቀር ኢሜይሉን ዘጋ። ፊሊፒንስ በወቅቱ ቫይረስ ማሰራጨትን የሚከለክል ሕግ ስላልነበራት ክሱ ተነሳ። ሕጉ የወጣው ቫይረሱ ከተሰራጨ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ልጁ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ለአንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ድርጊቱን ሲያምን፣ ኑሮው ማኒላ ውስጥ ሞባይል መጠገን ነበር።

ከእሱ ጎን ሌላ ተማሪ ላስቀምጥ። ሮበርት ሞሪስ በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲማር እ.ኤ.አ. በ1988 የለቀቀው ፕሮግራም በወቅቱ ግምት 6,000 ያህል ኮምፒዩተሮችን አሽመድምዷል። ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፤ የሦስት ዓመት የፈተና ጊዜ፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር መቀጮ። ከቅጣቱ በኋላ ግን የሚገባበት በር ነበረው። የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ የስታርትአፕ ደጋፊው ዋይ ኮምቢኔተር መሥራችም ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሰው ናቸው እያልኩ አይደለም። ግን አንዱ ከጥፋቱ ማግሥት ችሎታውን የሚገዛ ገበያ ጠብቆታል፤ ሌላው አልጠበቀውም። የእኛ ልጆች ለየትኛው እንደሚቀርቡ ለመናገር ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም።

«ድህነትን ሰበብ ልታደርጊው ነው?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አይደለም። እዚህ አገር ኮድ የሚችል፣ የዳታ ጥቅል መግዣ የሚቸግረው፣ ግን የሰው ፓስወርድ የማይነካ ወጣት ሞልቷል። ደ ጉዝማን ሊሰርቅ የፈለገውም የአገሩን ሰው ፓስወርድ ነበር። ደግሞም ትልልቆቹ ገዢዎች ድሆች አይደሉም። «ዋናክራይ» የተሰራጨው የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ለራሱ ካዘጋጀው በኋላ ተሰርቆ አደባባይ በወጣ መሣሪያ ነው። እኛንም የነካ ታሪክ አለ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ለመንግሥታት ይሸጠው የነበረው የስለላ ሶፍትዌር በውጭ አገር በሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ላይ ተሞክሯል ብሏል። ከመንግሥታት በላይ ከፋይ ባለበት ገበያ ሻጭ አይጠፋም።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ልመለስ። ያ ልጅ ቫይረሱን አልሠራውም። ግን ኮምፒዩተሩን ለማጽዳት ምን ምክንያት አለው? ቢያጸዳ ጊዜውን የሚያጣው እሱ ነው፣ ጥቅሙ የደንበኛው። ባያጸዳ ደግሞ ጉዳቱ የደንበኛው ነው፣ ሃምሳ ብሯ የእሱ። ኢኮኖሚስቶች ኪሳራው በሦስተኛ ወገን ላይ የሚወድቅ ወጪ የሚሉት ይሄ ነው። በክራክ የተጫነ ዊንዶውስ የምንጠቀመው ሁላችንም የዚህ ልጅ ወንድሞችና እህቶች ነን። ክራኩ እንዳይበላሽ ብለን አፕዴት እንዘጋለን። ማይክሮሶፍት ግን «ዋናክራይ» የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት ያወጣው ቫይረሱ ከመምጣቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። በር ከፍቶ ተኝቶ ሌባን ብቻ መራገም አያዋጣም።

ሕጉ አለን። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ጎጂ ፕሮግራም የሚያሰራጨውንም ያለፈቃድ ሰብሮ የሚገባውንም ይቀጣል። መቅጣቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ወጣት የአንድ ተቋም ሲስተም ላይ ቀዳዳ ቢያይ ለማን ይናገራል? «እንዴት አየኸው?» ተብሎ ራሱ ተጠርጣሪ እንዳይሆን ዝም ይላል። ቀዳዳውን በድብቅ የሚገዛው ሰው ግን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አይጠይቅም፤ ዋጋ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ጎግልና ፌስቡክ ቀዳዳ ለሚጠቁማቸው ሰው ገንዘብ የሚከፍሉት ደግ ስለሆኑ አይመስለኝም፤ ከመዘረፍ ስለሚረክስ ነው።

ባንኮቻችንና በኦንላይን አገልግሎት የሚሰጡ ተቋማት ሁለት ነገር ቢያደርጉ እላለሁ። አንደኛ፣ ምን መፈተሽ እንደሚፈቀድ አስቀድመው በግልጽ ያስታውቁ፤ በዚያ ወሰን ውስጥ ሆኖ ለጠቆመ እንደማይከሱ ቃል ይግቡ። ሁለተኛ፣ ይክፈሉ። ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ግን ቅንነት ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ያህል። ለልጁ ምክር ከመስጠት ጎን ለጎን ደሞዝ ብንሰጠው ምክሩም ይሰማል።

ባለፈው በዚያ ሰፈር ሳልፍ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አሁንም አለ። በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ቫይረስ እናጸዳለን»። ዋጋውን ልጠይቅ ብዬ ተውኩት። ፍላሼን ግን ከቦርሳዬ አላወጣሁም።