ስለ አጥንት መጋጠሚያና ስለ ማሽላ ጠባቂው ልጅ ክርን

ባለፈው ጽሑፋችን ስለ አጥንት ተፈጥሮና ስለ ጥንካሬው ጥቂት ተናግረን ነበር። ዳሩ ግን አጥንት ብቻውን ምሰሶ ነው እንጂ ሥራ አይሠራም። ሰው እንዲጐነበስ፣ እንዲነሣ፣ እንዲወረውርና ልጁን እንዲያቅፍ የሚያስችለው አጥንት ከአጥንት የሚገናኝበት መጋጠሚያ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ መጋጠሚያ ዐይነትና እያንዳንዱ ስለሚፈቅደው እንቅስቃሴ፣ ደግሞም በዚህ ነገር በየቤቱ ስለሚደርሰው ስሕተት ልንጽፍ አስበናል።

ምሳሌያችንን ከሩቅ አገር አናመጣም። ማሽላ በሚያፈራበት ወራት ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚጓዝ ሰው ቆቦ በደረሰ ጊዜ፣ በስተ ምሥራቅ የዞብልን ተራራ፣ በስተ ምዕራብ ደጋውን፣ በመካከላቸውም ሜዳውን የሸፈነውን የራያን ማሽላ ያያል። በማሽላውም መካከል ከእንጨት የተሠራ ማማ ቆሞ፣ በላዩ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ከማለዳ ጀምሮ ወፍ ይጠብቃል። ግሪሳ የወረደበት ማሳ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ባዶ አገዳ ሆኖ ስለሚቀር፣ የቤተ ሰቡ የዓመት እንጀራ በዚህ ልጅ ክንድ ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

እንግዲህ ልጁ ወንጭፉን ሲያዞር እንመልከት። በመጀመሪያ የሚሠራው ትከሻው ነው። የክንዱ አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ ሰርጎድ ባለ ማረፊያ ላይ ስለ ተቀመጠ፣ በሙቀጫ ውስጥ እንዳለ ዘነዘና ወደ ፊትም ወደ ኋላም ወደ ጐንም ያዘነብላል፤ ዙሪያውንም ይዞራል። ዳሌም የተሠራው በዚሁ ዐይነት ነው። ነገር ግን የዳሌው ጐድጓዳ የሰውነትን ክብደት እንዲሸከም ጠልቆ ሲሠራ፣ የትከሻው ማረፊያ ከክቡ ራስ ሲሶውን እንኳ አይዝም። ልጁ እንዲህ እንደ ልቡ የሚወነጭፈው ስለዚህ ነው፤ ከትልልቆቹም መጋጠሚያዎች ሁሉ ይልቅ ትከሻ ቶሎ የሚወልቀው እንዲሁ ስለዚህ ነው።

ክርን ግን እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ መታጠፍና መዘርጋት እንጂ ወደ ጐን መሄድ አያውቅም። ሆኖም ከክርን በታች ሁለት አጥንቶች ጐን ለጐን ስላሉ፣ አንደኛው በሁለተኛው ላይ እየተሽከረከረ መዳፍን ወደ ላይና ወደ ታች ይገለብጣል። አንባቢያችን ክርኑን ከጐኑ አስጠግቶ መዳፉን ቢገለብጥ ይህን ራሱ ያየዋል። በእጅ አንጓም 8 ትንንሽ አጥንቶች አንዱ በአንዱ ላይ ጥቂት ጥቂት እየተንሸራተቱ እጅን ያለዝባሉ። በመጨረሻ የወንጭፉን ጫፍ የሚለቀው አውራ ጣት ነው። የአውራ ጣት ሥር በኮርቻ ላይ እንደ ተቀመጠ ፈረሰኛ ወደ ሁለት ወገን ስለሚያዘነብል፣ ከሌሎቹ ጣቶች ሁሉ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ይህ ባይሆን ብዕርም መያዝ ጕርሻም መጠቅለል ባስቸገረ ነበር።

ልጁ ወፉ ከወዴት እንደሚመጣ ሲያይ አንገቱን ያዞራል። አንገት 7 አጥንቶች አሉት፤ ነገር ግን ራስ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ከሚዞረው እኩሌታ የሚያህለው በመጀመሪያዎቹ በሁለቱ መካከል ብቻ የሚደረግ ነው። ሁለተኛው አጥንት እንደ ችካል ሽቅብ ይቆማል፤ የመጀመሪያው ቀለበት ሆኖ ይዞርበታል።

የጉልበትን ነገር ለብቻው እናነሣዋለን። ጉልበትም እንደ ክርን ይታጠፋል፤ ታጥፎ ሳለም ጥቂት ይዞራል። በማጨድ ጊዜ ቍጢጥ ብሎ የሚውለው ገበሬ፣ በዐቢይ ጾም የሚሰግደው ክርስቲያን፣ በሶላት ጊዜ በእግሩ ላይ የሚቀመጠው እስላም፣ ሁሉም የጉልበታቸውን መታጠፍ እስከ መጨረሻው ይጠቀሙበታል። በወንበር ላይ የምንውል የጽሕፈት ቤት ሰዎች ግን ይህን ኃይል ቀስ በቀስ ስለምናጣው፣ ለበዓል ስንሰግድ ለመነሣት ምርኵዝ የምንፈልገው ስለ እርጅና ብቻ አይደለም። የጉልበትም ምስክር ከራያ ቆላ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባለው በአፋር ምድር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ ተገኝቷል። በዚያ በ1966 ዓ.ም. የተገኘው የጉልበት አጥንት ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቈየ ሲሆን፣ የጭኑ አጥንት ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ባለቤቱ በሁለት እግሩ ቆሞ ይሄድ እንደ ነበር አስረድቷል። ድንቅነሽ የተገኘችው በዚያው አገር ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

ይህን ያህል ስለ ጤነኛው መጋጠሚያ ከተናገርን፣ አሁን ወደ ጉዳቱ እንግባ። ቋንቋችን ሦስቱን ጉዳት በሦስት ስም ለይቶ ይጠራል። ጅማት ሲሳብ ወይም ሲላላ ወለምታ፣ አጥንት ከስፍራው ሲወጣ ውልቃት፣ አጥንቱ ራሱ ሲሰነጠቅ ስብራት ይባላል። ስሙን መለየት ቀላል ነው፤ ባበጠ ክርን ላይ ጉዳቱን መለየት ግን በጣት ዳሰሳ የማይሆን ነገር ነው።

ልጅ ከማማ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬት ይደገፋል። ኃይሉም በክንዱ ወደ ላይ ወጥቶ ብዙ ጊዜ አጥንቱን ከክርኑ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሰብረዋል። ለሚያየው ሰው ግን ነገሩ ውልቃት ይመስላል። በዚህ ጊዜ ጐረቤት ተሰብስቦ «ይታሽ፣ ይሳብ» ይላል፤ ወጌሻም ይጠራል። ወጌሻን መናቅ አሳባችን አይደለም፤ ሐኪም ባልነበረበት ዘመን የብዙ ሰው እጅና እግር በወጌሻ ተቃንቷል። ነገር ግን ወደ እጅ ደም የሚያደርሰው ሥርና ጣትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በክርኑ ፊት ለፊት፣ ከስብራቱ አጠገብ ያልፋሉ። የሳሉ የአጥንት ስባሪዎች በመሳብና በማሸት ጊዜ እነዚህን ይወጋሉ። በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ እጁ ውስጥ ውስጡን ሲያብጥ ማሰሪያው አይላላምና ደም ይቋረጣል። ሥጋ ያለ ደም 6 ሰዓት ያህል ከቈየ መሞት ይጀምራል። በዚህ ምክንያት እጃቸውና እግራቸው ስለ ተቈረጠ ልጆች የኢትዮጵያ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል።

ስለዚህ ልጁ በወደቀ ጊዜ ክንዱን በተገኘበት ሁኔታ ደግፎ በነጠላ ከአንገቱ ማንጠልጠልና ቆቦ ወይም ወልድያ ወዳለው ሐኪም ቤት ወስዶ በራጅ ማስመርመር ይገባል። ማሰሪያ ከታሰረለት፣ ያሰረው ወጌሻም ቢሆን ሐኪም፣ እናቲቱ ሌሊት ሳይቀር ጣቶቹን ትመልከት። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ ወይም ከጠቈሩ፣ ማንቀሳቀስ ካቃተው፣ ጣቶቹም ሲዘረጉለት የሚጮህ ከሆነ፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ማሰሪያውን አላልቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ማማ በሌለበት በከተማ ቤትም ስለሚደርሰው አንድ ነገር እንጨምር። ከ5 ዓመት በታች ያለን ሕፃን በአንድ እጁ ብድግ ማድረግ፣ ወይም መንገድ ሲያሻግሩ እጁን መንጨቅ፣ ከክርኑ አጥንቶች አንዱን ከያዘው የጅማት ቀለበት ያንሸራትተዋል። ሕፃኑ እጁን አንጠልጥሎ አላነሣም ብሎ ያለቅሳል፤ ሞግዚቲቱም ምን እንደ ነካው አታውቅም። ይህ በሐኪም እጅ በቶሎ የሚመለስ ነው፤ ሕፃንንም ከብብቱ ሥር ይዞ ማንሣት ከዚህ ያድናል።

የተሰበረው ክንድ ድኖ ጀሶው ሲፈታ ክርኑ ደርቆ አልዘረጋ ይላል። በዚህ ጊዜም አባት በችኰላ አይለጥጠው፤ በግድ የተለጠጠ ክርን በሥጋው ውስጥ አጥንት አብቅሎ እስከ መጨረሻው ሊደርቅ ይችላል። ልጁ ራሱ ሕመሙ እስከ ፈቀደለት ድረስ በየቀኑ ያጥፈው፣ ይዘርጋው። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ይፈታል። ማሳውንም እስከዚያ ድረስ ታላቅ ወንድሙ ቢጠብቀው ይሻላል።